የዘይነብ ሥጋ በዳቦ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ወጥ ቤት ገብታ በርገር ልሥራላችሁ አለች። የተፈጨውን ሥጋ በሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ አሽታ መጥበሻው ላይ ጣለችው። ቀጥላም ዳቦውን ለሁለት ከፍላ በተቆረጠው ጎኑ ስቡ ላይ ደፋችው። ሽታው እኔ እስከተቀመጥኩበት ሳሎን ድረስ መጣ።

"እማዬ፣ ይሄ የፈረንጅ ምግብ ነው፤ ይስማማሽ ይሆን?" አለችኝ በበሩ አንገቷን አስግጋ።

ሳቄ መጣ። ሳቅ ብቻም አልነበረም፤ ንዴትም ነበረበት። እኔ ሥጋ በዳቦ የቀመስኩት ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ የቀመስኩትም ከአክስቴ ከዘይነብ እጅ። ዘይነብም የሠራችው ፈረንጅ ለመምሰል አልነበረም። ፈረንጁ "ይህን ብሉ" ብሎ የሰጠውን እንቢ ለማለት ነበር።

እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። ያሳደገችኝ ዘይነብ፣ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ቤታችን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ ነበር። ረጅም ሴት ነች፤ ድምጿ ወፍራም፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ የምታስር፣ ስትራመድ ሰው መንገድ የሚለቅላት። ባሏ ሥጋ ሻጭ ነበር። ሲሞት የተዋቸውን ቢላዎችና ከወይራ ግንድ የተጠረበውን መክተፊያ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። አርብ አርብ ቢላዎቹን ከድንጋይ ላይ እያፋጨች ትስላለች፤ ስትስል የሚያናግራት የለም።

አጥር የምንጋራቸው እማማ አስካለ ክርስቲያን ናቸው። ከሥጋ በቀር የማንጋራው ነገር አልነበረም። እሳት ከእነሱ እንጭራለን፤ እርሾም ከእኛ ይወስዳሉ። ለፋሲካ ሲያርዱ ለእኛ ዶሮ ከነሕይወቷ ይልኩልናል፤ እኛ ሰው ጠርተን እናሳርዳታለን። እኛም ለዒድ እንደዚያው እናደርጋለን። ይህ ለምን እንደሆነ ማንም አስረድቶኝ ስለማያውቅ የክርስቲያን ሥጋ ቀለሙ ከእኛ የተለየ ይመስለኝ ነበር። ሰማያዊ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳየው ቀይ ሆኖ አገኘሁትና፣ እማማ አስካለ በስሕተት የእኛን ሥጋ ገዝተው ነው ብዬ ለዘይነብ ሮጬ ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች።

አንድ ዓመት ክረምት እንደወጣ ጣሊያኖቹ ጎልማሳውን ሁሉ ለመንገድ ሥራ ለቀሙት። አባቴንና የእማማ አስካለን ልጅ ታደሰን ባንድ ቀን ወሰዷቸው። ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ነው የነዷቸው። ከዚያ በኋላ ምንጭ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ሴቶች ሲገናኙ አንድ ነገር እሰማ ጀመር፤ "ያ መንገድ ሰው ይፈጫል" ይላሉ። እኔ መፍጨት የማውቀው በወፍጮ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ ወፍጮ ተተክሎ ሰዎች በየተራ የሚገቡበት ይመስለኝ ነበር። የአባቴ ተራ መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ ግን ፈራሁ። መልሱን የሚያውቁ እየመሰለኝ፣ ስለ መንገዱ የሚያወሩትን ሴቶች አፍ አፋቸውን አያለሁ።

ጥቅምት ላይ ከሐርቡ የሚመላለስ በቅሎ ነጂ ደጃችን ቆመ። አያ ሰይድ ይባላል፤ የዘይነብ ባል ወዳጅ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም ዘይነብ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ወንድሜን አየኸው?"

"አይቼዋለሁ። በሕይወት አለ አልሐምዱሊላህ። ግን ከስቷል።" አያ ሰይድ ተቀመጠና ውኃ ጠጣ። "ቀትር ላይ ዳቦ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ እየከተቱ ያድሏቸዋል። ማን እንዳረደው፣ ምን ስም እንደተጠራበት አይታወቅ። የምን ሥጋ እንደሆነም አይታወቅ። እስላሙ ቢስሚላህ ያልተባለበትን አልበላም ይላል። ክርስቲያኑም በስመ አብ ያልተባለበትን አልነካም ይላል። የዳቦውን ጠርዝ ጠርዙን ግጠው ይጥሉታል። በዚያ ሆድ ነው ድንጋይ የሚፈልጡት።"

"ታደሰስ?" አሉ እማማ አስካለ ከአጥሩ ወዲያ።

"እሱም እንደዚያው።"

ዘይነብ ተነሥታ ከግድግዳው ላይ ቢላዎቹን አወረደች፤ በጨርቅ ጠቀለለቻቸው። "አስካለ" አለች፣ "የአንቺ ቢላ ስለት አለው?"

"ይቆርጣል። ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሥጋ በዳቦ ካማራቸው ሥጋ በዳቦ እናበላቸዋለን። የእኛን።"

ቤታችንን ዘግተን ወረድን። መክተፊያው፣ ድስቱ፣ ከኩታበር የመጣው የእማማ አስካለ ስንዴ አህያ ላይ ተጫነ። ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ አጠገብ የዘይነብ ባል ዘመዶች ማሳ ሲጠብቁ የሚያድሩበት ባዶ ጎጆ ነበራቸው፤ እሱን ለቀቁልን። ቆላው ሙቀት ላይ ስንደርስ እኔ ጆሮዬን ቀስሬ የትልቁን ወፍጮ ድምፅ ጠበቅኩ። የሰማሁት የመዶሻና የድንጋይ ድምፅ ብቻ ነው። ይህ አላጽናናኝም፤ እንዳንጠረጥር ወፍጮውን ያቆሙት መሰለኝ።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ጎጆዋ መሐል ላይ ገለባ ተጎዘጎዘና ድንበር ሆነ። ከወዲህ የዘይነብ መክተፊያ፣ ከወዲያ የእማማ አስካለ። ሥጋው ከየአራጁ ለየብቻ ይመጣል፤ ድስት ለየብቻ፣ ማማሰያ ለየብቻ። ዘይነብ ቢላዎቹን በግራና በቀኝ እጇ ይዛ ትከትፋለች። ከሽንጡ ቀዩን፣ ከደረቱ ጮማውን ቀላቅላ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ እማማ አስካለም ከወዲያ ይመልሱላታል። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ዓይኔ ያለቅሳል።

"ጮማውን አትቆጥቢ አስካለ" ትላለች ዘይነብ። "ቀዩ ብቻውን ከተጠበሰ እንጨት ይሆናል። ደግሞ ውኃው ሳይደርቅ አውጪው፤ ዳቦው የሚጠጣው ይፈልጋል።"

"ሥጋ ጥብስ ታስተምሪኝ?"

"የወታደር ምስት ነበርሽ፤ የሥጋ ሻጭ ምስት አልነበርሽም።"

ዳቦውን ሙልሙል አድርገው በኮባ ጋገሩት። የክርስቲያኑ ላይ መስቀል ሠሩበት፤ የእስላሙን ዘይነብ በአውራ ጣቷ መሐሉን ጫን አደረገችው። ከዚያ በጎኑ ሰንጥቀው፣ ድቡልቡል አድርገው የጠበሱትን ሥጋ ወደ ውስጥ ከተው፣ ስንጥቁን መልሰው ገጠሙት። በደንብ ካላዩት ሙሉ ዳቦ ነው የሚመስለው። ቅርጫቶቹን ተሸክመን ወደ መንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ሄድን።

ሰፈሩ በሽቦ የታጠረ ነው። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሐበሻ ዘበኛ ቆሟል። ከሽቦው ወዲያ ክፍት ዳስ ነበር፤ የካንቲኑ ወጥ ቤት ነው። ዳሱ ውስጥ ያየሁት ነገር እግሬን አሰረው። ጠረጴዛ ላይ የተጠመደ ብረት፣ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ፣ ጎኑ ላይ እጀታ ያለው። አንድ ሰው ሥጋ ያጎርሰዋል፤ እጀታውን ያዞራል፤ ከፊቱ ቀይ ትል የመሰለ ነገር እየተጥመለመለ ይወጣል። ሰው የሚፈጨው ወፍጮ ይህ ነው! እንዳሰብኩት ትልቅ አልነበረም። ስለዚህ ሰውን የሚፈጩት ቆራርጠው፣ ከጣቱ ጀምረው ነው ብዬ ገመትኩ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ዘበኛው ከዘይነብ ቅርጫት አንድ ዳቦ አንሥቶ በሳንጃው ሰነጠቀው። ሥጋው ዱብ አለ። ሌላ አነሣ፤ ሰነጠቀ። ወዲያው የሥራው አለቃ መጣ። ሰዉ ሁሉ ካቦ ይለዋል፤ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ወፍራም ጣሊያን ነበር። ከኋላው ቆብ ያደረገ ያገራችን ሰው፣ አስተርጓሚው፣ ይከተለዋል። ካቦው በጣቱ አመለከተና ቅርጫቶቹን ሁለቱንም ገለበጧቸው። ዳቦ ሁሉ እየተሰነጠቀ አፈር ላይ ተበተነ። መስቀሉም የአውራ ጣቱም ምልክት ተደባለቀ።

"ምን ትፈልጋላችሁ?" አለች ዘይነብ።

"ወረቀት" አለ አስተርጓሚው። "ለሽፍቶች በዳቦ ውስጥ መልእክት ታሳልፋላችሁ ይላል ሲኞሩ። የተደፈነ ነገር እዚህ አይገባም።"

ዘይነብ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ ባዶውን ቅርጫት አነሣች፤ አራግፋ ጭንቅላቷ ላይ አደረገችው። እማማ አስካለ መንገዱን ሙሉ ያገኙትን ሁሉ ረገሙ፤ ካቦውን፣ ዘበኛውን፣ የዘበኛውን እናት፣ ሳንጃውን የቀጠቀጠውን ባለ እጅ።

ጎጆው ውስጥ ዘይነብ መክተፊያዋ ፊት ተቀመጠች። "የተደፈነ ነገር ነው አሉ የሚያስፈራቸው?" አለች። "እንግዲያው ከፍተን እናምጣላቸው።"

በማግስቱ ሥጋውን ድቡልቡል አላደረገችውም። ከበፊቱ አድቅቃ ከተፈችው፤ በትኩሱ ስብ ላይ እየበተነች፣ በማማሰያ እየፈረካከሰች፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው እስኪዋሐደው ድረስ ቁጭ ብላ አማሰለችው። ሲበስል ደርቆ እንዳይቀር ከቅልጥም የቀዳችውን መረቅ ጠብ አደረገችበት። ዳቦውን ለሁለት ለየችውና የተቆረጠውን ፊት ድስቱ ላይ ደፋችው፤ ዳቦው ስቡን ጠጥቶ ወርቃማ ሆነ። በላዩ ሥጋውን እንዲሁ ዘረገፈችበት። ክዳን የለው፣ ስንጥቅ የለው፣ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። ያኔ ነው አንዱን ቆርሳ እኔን ያጎረሰችኝ። መረቁ በአገጬ ወረደ። እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ላስኩት።

በሩ ላይ ስንደርስ ዘይነብ ቅርጫቷን ራሷ ገለጠችና ዘበኛው ፊት አስቀመጠችው።

"ይኸው፣ ከፍቼ አምጥቻለሁ። ሳንጃህን አታድክመው።"

ዘበኛው ዳቦውን አየ። በጣቱ ሥጋውን በተን በተን አደረገው። ምንም የለም። ጣቱን ወደ አፉ ወሰደና ላሰው። ወደ ዳሱ ዞር ብሎ ካቦው አለመኖሩን አየ። "ግቡ" አለ፣ "ቶሎ።"

አባቴ ከድንጋዩ ክምር መሐል ሲመጣ አላወቅሁትም። ጢሙ አቧራ ለብሷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ እንጨት የተሰቀለ ይመስላል። አጎንብሶ ሊስመኝ ሲል እጁን ቀማሁትና ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ሁሉም አሉ። ሌላኛውንም እጁን ያዝኩ።

"ምን እየፈለግሽ ነው ከድጃ?"

"ያ ብረት እንዳልበላቸው ልይ ብዬ ነው" አልኩት ወደ ዳሱ እያሳየሁ።

አባቴ አልሳቀም። ተቀመጠና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ። "እኔን አይበላኝም" አለ። "እኔም የእሱን አልበላ።" ከዚያ ከዘይነብ እጅ ዳቦውን ተቀብሎ ቢስሚላህ አለና በላ። ከወዲያ በኩል ታደሰ መስቀል ያለበትን ይዞ አማተበ። ሰዎች እየመጡ በየወገናቸው ከየቅርጫቱ አነሡ። ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም፤ የሚሰማው ማኘክ ብቻ ነው።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። የእማማ አስካለ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን የእሳቸው ዳቦ ውስጥ ምስር ይገባል፤ የእኛ ግን አይቋረጥም። የመንገድ ሠራተኛ ያላቸው የሰፈሩ ሴቶች ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ እንጨት ያመጡልን ጀመር። የካንቲኑ ዳቦ ግን በዳሱ ጎን ተከምሮ ውሻና አሞራ ይራኮትበታል። ካቦው ይህን አየ።

አንድ ቀትር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አልጮኸም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሏል። አስተርጓሚው ተናገረለት።

"ሲኞሩ እጅሽን ወዶታል። ካንቲኑ ውስጥ ገብተሽ አብስይ፤ ማሽኑም አለልሽ፣ ክንድሽ አይደክምም። ወንድምሽንም ድንጋይ ከመፍለጥ አውጥቶ ጥላ ሥር ቀላል ሥራ ይሰጠዋል።"

የአባቴን ከሲታ ትከሻ አሰብኩና እሺ እንድትል ቀሚሷን ጎተትኩ። ዘይነብ አላየችኝም።

"በሬውን ማን ያርዳል?" አለች።

"የሲኞሩ ሰዎች።"

"ለእስላሙ እስላም፣ ለክርስቲያኑ ክርስቲያን ይረድለት። ማሽኑንም ሁለት ያድርገው። ያን ጊዜ እመጣለሁ።"

ሲተረጎምለት ካቦው ሳቀና አንድ ነገር ተናገረ። "ሆድ ሃይማኖት የለውም ይላል" አለ አስተርጓሚው።

"ሆድስ የለውም" አለች ዘይነብ። "የሆዱ ባለቤት ግን አለው። ይህን ሳትቀንስ ንገረው።"

ሳይቀንስ የነገረው ይመስለኛል፤ የካቦው ፈገግታ ጠፋ። ከነገ ጀምሮ ማንም ሴት ወደ ሽቦው እንዳትጠጋ አዘዘ።

በማግስቱ ዘይነብ ከሌላው ቀን አብልጣ ከተፈች። እማማ አስካለ "ዛሬስ ይቅርብን፣ ሰውየው ክፉ ነው" አሏት።

"ዛሬ ከቀረን አንቺ፣ ትናንት የበሉት ሁሉ ልመና ሆኖ ይቀራል" አለቻቸው። እማማ አስካለ ተነሥተው ነጠላቸውን አደገደጉ።

ዘበኛው አላስገባንም። ዘይነብ ከሽቦው ውጭ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቅርጫቷን ገለጠች፤ ሽታው በሽቦው ውስጥ እንዲያልፍ ተወችው። እማማ አስካለ አጠገቧ ተቀመጡ። ሌሎቹም ሴቶች መጥተው ተቀመጡ። ካቦው ዱላ ይዞ ከዳሱ ወጣ። ተነሺ አላት። አልተነሣችም። ዱላውን ሲያነሣ ዘይነብ ክንዷን በቅርጫቱ ላይ ዘረጋች፤ ፊቷን ሳይሆን ዳቦውን ነው የጋረደችው። ድምፁን ሰማሁ። ቅርንጫፍ ሲሰበር እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ዘይነብ ትንፋሿን ሳበች፤ ከቦታዋ ግን ፈቀቅ አላለችም።

አባቴ ከድንጋዩ ክምር ላይ ያያል። መዶሻውን ይዞ ይመጣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ግን መዶሻውን በዝግታ፣ እንደሚያስተኙት ሕፃን፣ መሬት ላይ አኑሮ ተቀመጠ። ታደሰ አካፋውን አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ከዚያኛው ወዲያ ያለው፣ ከእሱም ወዲያ ያለው። መዶሻውና ድንጋዩ ሁሉ ጸጥ አለ። ካቦው ወደ እነሱ ሮጠ፤ ጮኸ፤ አለንጋ ያላቸው ሰዎች ጀርባቸውን ገረፉ። ሰዎቹ አልተነሡም። ከደሴ ቁልቁል የወረዱት የጭነት መኪኖች ገና ያልተጠረገው ድንጋይ ፊት ተሰልፈው ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። ወታደሮች ከመኪኖቹ ወርደው ካቦውን ይጮኹበታል። ነገሩ እዚያ ላይ ሲደርስ ካቦውን ለመጀመሪያ ጊዜ ላብ በላብ ሆኖ አየሁት።

ዘይነብን ወደ ጎጆው ወሰድናት። ወጌሻ መጥቶ ክንዷን አሸና በቀርከሃ አሰረላት፤ እሱ እያሰረ እሷ እማማ አስካለን "ያን ድስት ከእሳት አውርጂው፣ ሊያር ነው" ትላለች። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አስተርጓሚው ደጃፋችን መጣ። ቆቡን በእጁ ይዟል።

"ምግቡ ይግባ ብሏል" አለ ወደ መሬት እያየ። "ሰዎቹ ሌላ ነገር አንሰማም አሉ። እሷ ግን በሩ አጠገብ እንዳትታይ።"

"አንተስ በላህ?" አለችው ዘይነብ።

አስተርጓሚው ቆቡን አድርጎ ሄደ።

በማግስቱ ጥዋት ሥጋው መጣ፤ የሚከትፍ ግን የለም። እማማ አስካለ ገለባውን አይተው ቆሙ። "እኔ ብከትፍልሽ..."

"እጅሽ ከእጄ ንጹሕ ነው አስካለ። ግን ሰዎቹ እዚያ ውስጥ ሆነው አንድ ነገር እንዲጠራጠሩ አልፈልግም። ሳይጠራጠሩ የሚበሉት ይህን ብቻ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ከድጃ፣ ነይ።"

ቢላውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስያዘችኝ። አንዱን ብቻ፤ ሁለቱን ለመያዝ እጄ ትንሽ ነበር። መኝታዋ ላይ ሆና ታዘኛለች። "በክንድሽ አይደለም፣ በቢላው ክብደት። ተይው ይውደቅ። ጮማውን ከቀዩ ጋር አድርጊው። ገና ነው። ገና ነው።" መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ፈረጠ። ትከሻዬ ነደደ። እጄን ባነሣሁ ቁጥር የዘይነብ ክንድ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ይመጣብኛል፤ ያኔ ቢላውን አጠንክሬ እጥላለሁ። ሲበስል አንድ ጉርሻ ወደ አፏ ወሰድኩላት። አኘከችው። "ጨው" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከእማማ አስካለ ጋር በሩ ላይ ስንደርስ ካቦው ቆሞ ነበር። የእኔ ቅርጫት ላይ አጎነበሰ። ሽታው ሳይደርሰው አልቀረም፤ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። ወፍራም እጁን ሰደደና አንዱን ዳቦ ጨበጠ። እማማ አስካለ ትከሻዬን ጨመቁኝ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። ከሽቦው ወዲያ መዶሻዎቹ ቆሙ። አባቴ ቆሞ ያየኛል።

ዳቦውን በሌላው ጫፍ ያዝኩት።

"ላንተ አይደለም" አልኩት።

ካቦው አስተርጓሚውን አየ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ በጣሊያንኛ ተናገረ። ረጅም አልነበረም። የካቦው ፊት ደም መሰለ። ከኋላው መንገዱን ሙሉ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ መኪኖቹም ይጠብቃሉ። ዳቦውን ለቀቀ። መረቁን በሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ ዳሱ ገባ። ያኔ ከሽቦው ወዲያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ታደሰ ይመስለኛል፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ያን ሁሉ ሰው ባንድ ላይ ሲስቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ጎጆው ስንመለስ እማማ አስካለ እጃቸውን እያርገበገቡ ለዘይነብ አወሩላት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ዘይነብ ሌላ ነገር ሁሉ ይቅር ብትለኝ፣ ዘመድ ያልሆነን ትልቅ ሰው አንተ ካልኩ ጭኔን ሳትቆነጥጠኝ አታድርም። እርስዎ ማለት የምታስተምረኝ በቁንጥጫ ነበር።

"ሰውየውን አንተ አልሽው?" አለችኝ።

"አዎ።"

ጤነኛ እጇን ዘረጋች። ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት መክተፊያው መሬት ላይ ሲጎተት ነው። ስገልጥ እኔ ፊት አድርጋዋለች።

"በይ ተቀመጪ" አለች። "የዛሬው ሽንኩርትሽ ጎላ ጎላ ብሏል። የነገው ይድቀቅ።"